ባሎችን ልመረምር ቢቸናና ሞጣ የሄድኩ ጊዜ

እናቴ ሥራዬን ለሰው ስትናገር «ሐኪም ናት» ትላለች። የምን ሐኪም ብለው ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። አልፈርድባትም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሥራ የጀመርኩት በኮርማ ዘር ነው፤ ለማዳቀል ይሆናል ወይስ አይሆንም እያልኩ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳፈጥ እውል ነበር። ከዚያ ከኮርማ ወደ ሰው ተሻገርኩ፤ ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ችግራቸው ከየት እንደሆነ ስፈልግ ኖርኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያንገሸገሸኝ አንድ ነገር ነው፤ የምትመጣው ሁልጊዜ ሚስት ናት። ትመረመራለች፣ ትጠመቃለች፣ ትሳላለች። ባል ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። አሁን የያዝኩት ጥናት ስለ ባሎች የሆነው በእልህ ነው ብል አልዋሸሁም።

ቢቸናን የመረጥኩት በሲስተር ማስተዋል ምክንያት ነው። ድሮ ሥልጠና ላይ ያስተማርኳት ነርስ ናት፤ ዛሬ እዚያ በአንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ባሎቹን አግባብታ አዘጋጅቼልዎታለሁ ብላ ደወለችልኝ። እኔ ደግሞ በጾም ሄጄ ሰው ከማስቸግር ፋሲካው ይለፍ ብዬ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን አደረግሁ። በዚህ ብልጠቴ ኮርቼ ነበር። ዕቅዴ ረቡዕ ከቢቸና አንድ ባልደረባዬ ወደሚሠራበት ሞጣ ልሄድ፣ እሑድ ልመለስ ነበር። ታሪካቸውን የምጽፍላችሁ ሰዎች ጻፊው ብለው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ቀይሬዋለሁ።

ሰኞ

ከጋሽ በላይ ጋር በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣን። ጋሽ በላይ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ስለሆነ ሱሉልታን ካለፉ በኋላ ያለው አገር ሁሉ ሩቅ ይመስላቸዋል። ጎሐ ጽዮን ቁርስ በላን፤ ወደ ዐባይ በረሃ ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ጋሽ በላይም ኮታቸውን አወለቁ። ታች ኬላው ላይ አንድ ፈታሽ ከኋላ ወንበር የጫንኩትን ሣጥን አየና ምንድን ነው አለኝ። ናሙና በሰውነት ሙቀት የሚያቆይልኝ ዕቃ ነው። ይህን ሁሉ ከምተርክለት ብዬ «ማሞቂያ ነው» አልኩት። ላቡን ጠረገና አንዴ እኔን፣ አንዴ በረሃውን፣ አንዴ ሣጥኑን አየ። ጋሽ በላይን ቢጠይቃቸው እኔ ሾፌር ነኝ ብለው ከነገሩ ወጡ። ከፍተን አሳየነው፤ ሳቀና ለቀቀን።

ደጀን ላይ ምሳ ጥብስ አዘዝን። አዲስ አበባ ቢሆን ሥጋውን ከሽንኩርቱ መካከል ለማግኘት የእኔ ማይክሮስኮፕ ያስፈልግ ነበር፤ ደጀን ግን ሽንኩርቱ ነው የጠፋብን። ከዚያ ወደ ቢቸና ታጠፍን። ሚያዝያ ስለሆነ የጤፉ ማሳ ባዶውን ተዘርግቷል፤ አቧራውም አያፈናፍንም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ሣጥኔ ከወንበሩ ወደቀ። ጋሽ በላይ ምን ሆነ ሳይሉ ጉድጓዱን መስደብ ጀመሩ።

ቢቸና ስንደርስ ሆቴሉ የያዘልንን ክፍሎች ለሙሽራ አጃቢዎች ሰጥቷቸው ጠበቀን። ከፋሲካ በኋላ ያለው ወር የሠርግ ወር መሆኑን ረስቼዋለሁ። ባለቤቱ ይቅርታ ሲጠይቀኝ በጣም ከማፈሩ የተነሳ እኔው አጽናናሁት። ለጋሽ በላይ ከሚዜዎቹ ጋር ፍራሽ ተነጠፈላቸው፤ ሠርጉንም በልተው ጠጥተው አደሩ። እኔን ሲስተር ማስተዋል የሷ ቤት እያለ ሆቴል ማደሬ ራሱ ነውር ነው ብላ ሻንጣዬን ነጥቃኝ ሄደች። አልጋዋን ለቃልኝ እሷ መሬት ልትተኛ ስትል ተጨቃጨቅን፤ ተሸነፍኩ። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብኝ ሶፋ ላይ የማስተኛ ሰው ነኝና ትንሽ አፈርኩ።

ራት ላይ ዓለምነሽ የምትባል ጎረቤቷ እርጎ ይዛ መጣች። ሲስተር አስቀድማ ነግራኛለች። ዓለምነሽ ስማቸው የሚባል ግንበኛ አግብታ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ልጅ የለም። የስማቸው እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ያለ እሱ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። እስከ ጰራቅሊጦስ አንድ ነገር ካልተሰማ ሽማግሌ ተቀምጦ ዓለምነሽን ያሰናብት፣ ልጄም ሌላ ያግባ ብለዋል። ስማቸው ነገ ከሚመረመሩት የመጀመሪያው ነው። ልጅቱ እርጎውን ቀድታልኝ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ የሱ ደህና ከሆነስ?» አለችኝ።

ደህና ከሆነማ ደስ ይበልሽ ልላት ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ተመርምሬ ደህና ነሽ ተብያለሁ፤ ማንም አላመነኝም። እሱም ደህና ከተባለ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ያሰናብቱኛል። መጥፎ ከተባለ ደግሞ ወንድሞቼ መጥተው ይወስዱኛል። እኔ የትም መሄድ አልፈልግም።»

ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ውጤት ክፉም ይሁን ደግ ሰውን ያሳርፋል ብዬ ነበር የማምነው። ሁለቱም ውጤት ቤቷን የሚያፈርስባት ሴት ገጥማኝ አታውቅም። እርጎውን ጠጣሁ።

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያው ንጹሕ ክፍል ሰጥቶናል፤ መስኮቱ ወደ ባሕር ዛፍ ነው። መብራት አለ፤ ውኃም አለ። የኔ ሰፈር በዚያ ሳምንት ውኃ ስላልነበረው ቧንቧውን ከፍቼ ትንሽ አየሁት።

ስማቸው መጀመሪያ ገባ። ረጅም፣ እጀ ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰኞ ማለዳ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ሲገነባ ሰንብቶ ዓርብ ማታ ነው ቤቱ የሚመለሰው፤ ለዚህ ምርመራ ብሎ ሥራውን አቋርጧል። ናሙናውን ሰጠኝ፤ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ አየሁ። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም ማለት ይቻላል። ያየሁት ጥሩ እንዳልሆነ፣ አንድ ምርመራ ግን እንደማይበቃና መደገም እንዳለበት ነገርኩት። ሁለተኛውንም ዐረፍተ ነገር መናገሬን እምላለሁ። እሱ ግን የመጀመሪያው ላይ ተነሥቶ ነበር። «ገባኝ» አለ፤ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ሁለተኛው ሰውዬ ገባ፤ እንደዚያው። ሦስተኛው፤ እንደዚያው። የቢቸና ወንድ ሁሉ ምን ነካው? ሣጥኑ ነው አልኩ፤ ትናንት ወድቋል። ከፍቼ ሙቀቱን ለካሁ፤ ልክ ነው። ሌላ ቴርሞሜትር አስገባሁ፤ እንደገና ልክ ነው። ጋሽ በላይን በሆዴ ስረግማቸው ቆይቼ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

አራተኛው አቶ ውበቱ ነበሩ፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ የመጀመሪያ ሚስታቸው ሞታባቸው እንደገና ያገቡ ገበሬ። ናሙና ከመቀበሌ በፊት ስንት ቀን ከሚስትዎ ተለይተው ቆዩ አልኳቸው።

«ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ» አሉኝ ኮራ ብለው።

ጾሙ እኮ ካለቀ ሰነበተ አልኳቸው።

«ሲስተር ከሦስት ቀን እንዳያንስ ብላናለች። ሦስት ቀንማ ለቁርባንም ይባላል። ይኸ ለልጅ ነው፤ ይበልጥ እንዲጠራ ብዬ ጨመርኩበት።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ኮሪደሩ ላይ የቀሩትን ብንጠይቅ ሁሉም ያው ነው። ሲስተር የነገረቻቸው በጾሙ ወራት ነው፤ ጾሙን ድሮም ከሚስታቸው ተለይተው ነው የሚጾሙት፤ ፋሲካ ሲመጣ እርስ በርሳቸው ተማክረው ዶክተሯ እስክትመጣ ብለው ገፍተውበታል። ፋሲካን ጠብቄ የመጣሁት ብልጧ እኔ ነኝ እንግዲህ። አዲስ አበባ ችግሬ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ ሌሊት ያልታገሠ ሰው ሦስት ቀን ቆየሁ ብሎ ይምልልኛል። ከሦስት ቀን እንዳያንስ የሚለውን መመሪያ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ከዚያ እንዳይበዛ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ዘር ደግሞ ብዙ ከተጠራቀመ ያረጃል፤ ቁጥሩ ይበዛል እንጂ መንቀሳቀሱን ይተዋል።

ሰዎቹን ሰብስቤ ማስረዳት ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጾሙ አልቋል፣ ዛሬ ማታ ወደ ሚስቶቻችሁ ግቡ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ቢበዛ አራት ቀን ብቻ ታቅባችሁ እሑድ ስመለስ ኑ አልኳቸው። ሲስተር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ውበቱ ዛሬ ማታ ነው ወይ ብለው ለማረጋገጥ ጠየቁኝ። ዛሬ ማታ ነው አልኳቸው። የሐኪም ትእዛዝ ከሆነማ ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ቀድመው ወጡ፤ ሌላው ሁሉ እየሳቀ ተከተላቸው።

ስማቸው ግን የለም። ከሲስተር ጋር ቤቱ ሄድን። ወይዘሮ ጥሩዬ መደብ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እጄን ያዙና እውነት ነው ወይ አሉኝ፤ ልጃቸው ከደጅ ሳይቀመጥ ችግሩ የኔ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። እኔ የሰው ምርመራ ለእናትም አልናገርም፤ ደግሞም እውነቱን ገና አላውቀውም። ስማቸውን ከጓሮ አግኝቼ የጾሙን ነገር ነገርኩት፤ እሱም እንደሌሎቹ መሆኑን አመነ። እንዲህ ቸኩለህ ለእናትህ ለምን ነገርክ አልኩት።

«ዓለምነሽ ስትሰደብ የኖረችው ይበቃል ብዬ ነው» አለኝ።

አንተም ዛሬ ማታ ወደ ሚስትህ ግባ፣ ከዚያ መደገም አለበት አልኩት። ቢቸና ወሬው ወጥቷል፣ እንደገና እዚህ ስገባ አልታይም፣ የሚያውቀኝ በሌለበት ሞጣ ቅዳሜ ልምጣ አለ። ተስማማን። አንድ ሰው ለሚስቱ ይህን ያህል ሲከፍል በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ረቡዕ

ሲስተር ቁርስ ዶሮ አቀረበችልኝ። ረቡዕ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ፤ ሳቀችብኝ። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም አዲስ አበባ ሳለሁ አውቀው ነበር፤ ነውር እንዳልሠራ ስፈራ ጠፋብኝ። ለመንገድ ዳቦና እንቁላል ቋጥራልን ወጣን።

ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ጎማችን ተነፈሰ። ስኮርታውን ጋሽ በላይ ቢያወርዱት እሱም ተንፍሷል። መጋቢት ላይ ነፍቼዋለሁ ብለው ማሉ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ እሳቸውንም ጎማዎቹንም ጭኖ ደብረ ወርቅ ወደሚገኘው ጎሚስታ ወሰዳቸው፤ ላመሰግነው ብል ሳይሰማኝ ሄደ። ቀለበት መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝ ጥሩምባ ነፍተውብኝ ያልፉ ነበር።

እኔ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዳቦዬን አካፈልኳቸው፤ ቆሎ ዘገኑልኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ እናቴ አጠገቤ ስለሌለች እውነቱን ተናገርኩ። ስለ ባሎች የነገርኳቸውን በጨዋነት ሰሙኝ። በኮርማ ነው የጀመርኩት ስላቸው ግን ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንዷ ላሟ ኮርማ አግኝታ ሁልጊዜ እንደምትመለስ፣ እንደማትይዝ ነገረችኝ። መቼ እንደሚያገናኟት ብጠይቃት ኮርማው ያለው ሩቅ መንደር ስለሆነ ኮርማ መፈለጓ ከታየ በማግሥቱ ሲመቻቸው እንደሆነ አወቅሁ። ያን ጊዜማ አልፎባታል፤ ምልክቱን ባያችሁ ቀን ውሰዷት አልኳት። ስንት ጥናት ያሳተምኩ ሴት እንዲህ ተከብሬ አላውቅም፤ መኪናው ተጠግኖ ስንነሣ አንደኛዋ እቅፌ ውስጥ ሦስት እንቁላል አደረገችልኝ። ያ እንቁላል ሞጣ ሳይደርስ ጉድጓድ ላይ ተሰበረ፤ ቀሚሴን በመከራ አጠብኩት።

ሐሙስና ዓርብ

ሞጣም ሆቴሉ በሠርግ ሞልቷል። ሲስተር ይህን ቀድማ አውቃ ለምታውቃቸው ለሐጂ ሰዒድ ደውላላቸዋለች። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሐራ ይባላሉ። የእንግዳ ክፍላቸውን አስይዘውን ልጆቻችን ሩቅ ናቸው፣ ቤቱ ይሙላልን አሉን።

ዓርብ ከጁምዓ በፊት ወይዘሮ ዘሐራ አንድ ዶሮ ከነነፍሱ አምጥተው ለጋሽ በላይ አስያዟቸው። ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣባቸው የሚታረደውን የሚያርደው ክርስቲያን ነው፤ ለዚህ ብለው ለብቻ ያስቀመጡት ድስትና ሳሕንም አላቸው። እኛ በሃይማኖታችን እንዳንቸገር ነው ይህ ሁሉ። ችግሩ ጋሽ በላይ ዶሮ አርደው አያውቁም። አዲስ አበባ ተገንጥሎ በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚያውቁት። አላውቅም ማለት አፈሩና ቢላዋ ይዘው ጓሮ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ዶሮው በአጥሩ ላይ ዘሎ ወደ ጎረቤት ገባ፤ ጋሽ በላይ ከነቢላዋቸው ተከተሉት፤ ጎረቤቶቹ ጋሽ በላይን ሌባ ናቸው ብለው አሰቡ። በመጨረሻ ከጎረቤት አንዲት ክርስቲያን ሴት መጥታ በአንድ አፍታ ጨረሰችላቸው። ሐጂ እስኪያነቡ ሳቁ። ወጡ ግን እውነትም ወጥ ነበር።

ሥራውም ሰመረልኝ። ለሞጣው ባልደረባዬ ማክሰኞ ማታውኑ ደውዬ ከሦስት ቀን አይነስ፣ ከአምስት አይብለጥ ብዬዋለሁ፤ የመጡት ሰዎች ናሙና ሰው የሚጠብቀው ዓይነት ነው፤ ጥሩውም ደካማውም አለበት። ሣጥኔ ጤነኛ ነው። ያልተረጋጋው ልቤ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ዘሐራ ምን ሆነሻል ቢሉኝ አንድ የማውቀው ሰው ነገ ይመጣል አልኳቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም። ከምግቡ ሌላ ትንሽ ማር ጨመሩልኝ።

ቅዳሜ

ሁለቱም አብረው መጡ። ገበያ ስለሆነ አውቶቡሱ ከበግና ከዶሮ ጋር ነው የጫናቸው። ስማቸው ናሙናውን ሰጥቶኝ ወጣ፤ በሩን ዘጋሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሜዳው ሁሉ ይርመሰመሳል። ይህን ሥራ በጀመርኩበት ቀን እንኳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አላየሁም። እንዳልሳሳት እንደገና አየሁት፤ ደህና ነው፣ በጣም ደህና።

ሁለቱን አስቀምጬ ነገርኳቸው። ሁለቱም ጤነኛ ከሆናችሁ ልጁ የት ቀረ ለሚለውም መልስ ነበረኝ። ዓለምነሽ ለማርገዝ የሚያመቹት ቀናት ከወር አንድ ጊዜ የሚመጡ ጥቂት ቀናት ናቸው። እሱ ሳምንቱን ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቤቱ ሲመጣ ዓርብ ጾም ነው፣ ለእሑድ ቅዳሴ ደግሞ ሌሊቱን ይጠነቀቃሉ፤ የምትቀራቸው የእሑድ ሌሊት ናት፤ በዚያ ላይ ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ የሁለቱ ቀን መገናኛ አጥቶ ነው የኖረው። ጾሙን ተዉ አላልኳቸውም፤ የማልለውን አልልም። አሁን እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፤ ይህን ወር ቢቸና ሥራ ያዝ፣ ቤትህ እደር አልኩት። ስማቸው ጣራውን ሲያይ ዓለምነሽ አፏን ይዛ ሳቀች። ዘመኔን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አፍጥጬ የሰጠሁት መድኃኒት ግንበኛን ቤቱ ማሳደር ሆነ።

ከዚያ ስማቸው እኔን ሳይጠይቅ ወደ ሚስቱ ዞሮ ለእማማ ምን እንበላት አለ። ዕድሜዬን ውጤት ስናገር ኖሬ አሁን ውጤት ሲደበቅ ልሰማ ነው መሰለኝ።

ዓለምነሽ ቀስ ብላ ነገረችን። ማክሰኞ ማታ እኛ ከወጣን በኋላ ወይዘሮ ጥሩዬ ከደጅ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ጓዳ ገቡ፤ ይህን ሁሉ ዓመት በሐሰት ሰድቤሻለሁ ብለው እግሯ ሥር ወደቁ። ሽማግሌዎቹም ቀሩ። ረቡዕ ወንድሞቿ ሊወስዷት መጡ፤ አልሄድም ብላ ምሳ አብልታ መለሰቻቸው። አሁን ደህና ነው ብለው ቢናገሩ ያ ድንጋይ ምን ሊሆን ነው?

«ያን ይቅርታ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አለች። «አልመልስላቸውም።»

«እና አገሩ ሁሉ መካን እያለኝ ልኑር?» አላት ስማቸው።

«እኔን ሲለኝ ኖሯል አይደል? እስቲ ትንሽ አንተ ያዝልኝ።»

ስማቸው መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ሳቁ መጣበትና አንገቱን ነቀነቀ። «እሺ፣ እይዝልሻለሁ» አለ። ነጠላዋን ከወንበሩ አንሥቶ አቀበላትና የቢቸናው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ተያይዘው ወጡ።